የታመነ ሚዛን፦ በባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ስላለ አንድ ወፍጮ ቤት

አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተሄደ በኋላ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። በቆርቆሮ በሩ ላይ በነጭ ቀለም «የወፍጮ አገልግሎት እንሰጣለን» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። ቤተሰቤ ላለፉት ሁለት ዓመታት ጤፉንና በቆሎውን፣ ሽሮውንና በርበሬውን የሚያስፈጨው እዚያ ነው። እኔ መጋቢ ነኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ «አገልግሎት» የሚባለው ስብከቱ፣ ዝማሬውና ጸሎቱ ነው፤ «አገልጋይ» የምንለውም መድረክ ላይ የሚቆመውን ሰው ነው። ያ የበር ጽሑፍ ግን ይህን የለመድሁትን ቃል እንደ ገና እንዳስብበት አድርጎኛል። ስለዚህ ይህን አስተያየት የምጽፈው ጥሩ ዱቄት የሚገኝበትን ቤት ለመጠቆም ያህል ብቻ አይደለም፤ እሑድ የምንሰማው ቃል ሰኞ ዕለት ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል እዚያ ቤት ቆሜ ስላየሁ ነው።

የቤቱን ስም አልጽፍም። ባለቤቷ በአምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ የሆኑ እናት ናቸው። ስለ ቤታቸው ለመጻፍ ማሰቤን ነግሬ ፈቃዳቸውን ስጠይቅ፣ «ይጻፉ፤ ስሜን ግን ይተዉት፤ እህል ያለው ሰው ቤቱ አይጠፋውም» አሉኝ። ቃላቸውን ጠብቄያለሁ።

በሚዛኑ ልጀምር። እኔ በማውቃቸው ብዙ ወፍጮ ቤቶች እህል የሚመዘነው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም የማስፈጫውን ሒሳብ ለማስላት ነው። ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱን መልሶ የሚመዝን የለም፤ አስፈጪውም ያመጣውን ያህል ይዞ መመለሱን ሳያረጋግጥ ጆንያውን አሸክሞ ይሄዳል። እዚህ ቤት እህሉ ሲገባም ዱቄቱ ሲወጣም ይመዘናል፤ ሁለቱም ቁጥር ከጆንያው ጋር በምትሄድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ባለፈው ወር 25 ኪሎ ሰርገኛ ጤፍ አስገብቼ 24 ኪሎ ከ700 ግራም ዱቄት ተረክቤያለሁ። ጥቂቱ በብናኝ እንደሚጠፋ የታወቀ ነው፤ ባለቤቷም ሳልጠይቃቸው ይህንኑ አስረዱኝ። ከሚዛኑ አጠገብ አምስት ኪሎ የሚመዝን ብረት ተቀምጧል። የተጠራጠረ ሰው ብረቱን አንሥቶ ሚዛኑ ላይ ማስቀመጥና ቁጥሩን በራሱ ዓይን ማየት ይችላል። አንድ ሽማግሌ ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ በቤቱ ውስጥ ማንም ፊቱን አላጠቆረባቸውም።

ከሚዛኑ ይልቅ በይበልጥ የነካኝ ግን የጨርቁ እጅጌ ነው። ዱቄቱ ከወፍጮው አፍ ወደ ጆንያው የሚወርደው በአንድ ረጅም የጨርቅ እጅጌ በኩል ነው። ወፍጮውን የሚይዘው ልጅ የመጨረሻው እፍኝ ጤፍ ከወረደ በኋላ ጆንያውን ወዲያው አያስርም። በቀጭን ዱላ እጅጌውን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ደጋግሞ ይመታዋል፤ ቀጥሎም ጨርቁን በሁለት እጁ ጨብጦ ቁልቁል ይስበዋል። በዚህ ጊዜ በጨርቁ እጥፋት ተሸሽጎ የነበረው ዱቄት ዱብ እያለ ይወርዳል። ግማሽ ኪሎ ያህል ይሆናል። ልጁ ባይመታው ማንም «ለምን አልመታህም?» ብሎ አይጠይቀውም፤ ከአስፈጪዎቹ አብዛኞቹ ዱቄቱ እዚያ መቅረቱንም አያውቁም። ነገር ግን በቀን አምሳ ሰው የሚያስፈጭበት ቤት ከእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ቢያስቀር፣ ማታ ላይ 25 ኪሎ የሰው ዱቄት የባለወፍጮው ሆኖ ያድራል። ስርቆት ነው ለማለት የሚደፍር ግን አይገኝም፤ ማንም ምንም አላነሣምና።

ከዚህ በፊት እናስፈጭበት በነበረ ሌላ ቤት ይህን ቀምሰናል። ስሙን አላነሣም። ዱቄቱ እየጎደለ መምጣቱን በመጀመሪያ ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት፤ ቡሖው የሚሞላበት ዕቃ ያው ሆኖ ሳለ ሊጡ ከአፉ እየራቀ ሄደ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ቀን ትንሿ ልጃችን እንጀራ ጎርሳ «ያቃጥላል» ብላ አለቀሰች። ከእኛ በፊት በርበሬ የተፈጨበት ወፍጮ ሳይጸዳ ጤፋችን ገብቶበት ነበር። ሄጄ ስነግራቸው ያገኘሁት መልስ «ወፍጮ ነው፤ ምን ይደረጋል» የሚል ነው። ቅር ብሎኝ ወጣሁ። በኋላ ሳስበው ያሳዘነኝ ስሕተቱ አይደለም። «ምን ይደረጋል» የሚለው ቃል በብዙ መሥሪያ ቤትና በብዙ ሱቅ፣ አንዳንዴም በእኛው ቤተ ክርስቲያን ቢሮ፣ የሰው ጉዳት የሚዘጋበት መዝጊያ መሆኑ ነው ያሳዘነኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሚዛን የሚናገረውን ያህል ስለ ሌላ የገበያ ዕቃ የሚናገር አይመስለኝም። መጽሐፈ ምሳሌ በ11ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ «አባይ ሚዛን» እግዚአብሔር የሚጸየፈው መሆኑን ይናገራል። ከከተማችን ወንዝ ስም ጋር በድምፅ የሚገጥመው ይህ «አባይ» ውሸታም ማለት ነው፤ ሚዛን ራሱ ይዋሻል ማለት ነው። ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ በአንድ ከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ፣ ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን ይከለክላል። ነቢዩ አሞጽ መስፈሪያውን አሳንሰው ዋጋውን አስበልጠው፣ የስንዴውን ግርድ ለድሀ የሚሸጡትን ነጋዴዎች ይገሥጻል። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ግን ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ነው። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው፣ ጌታችንም ከታላላቆቹ ትእዛዛት አንዱ ያደረገው ቃል መጀመሪያ የተጻፈው እዚያ፣ ቁጥር 18 ላይ ነው። በዚያው ምዕራፍ፣ ከጥቂት ቁጥሮች በኋላ የሚዛኑ ትእዛዝ ይመጣል። በእርሻ ለድሀ ስለሚተው ቃርሚያ፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለባለጠጋ ስላለማድላት፣ ለሽበታም ሰው ስለ መነሣትም የሚናገረው ያው ምዕራፍ ነው። ፍቅር በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ከመዝሙር ጋር አልተጻፈም፤ ከኪሎና ከመስፈሪያ ጋር ነው የተጻፈው። ይህን ምዕራፍ ለብዙ ዓመታት ሰብኬዋለሁ፤ የሰበክሁትን አንድ ላይ ተሰብስቦ ያየሁት ግን በዚህ ቤት ነው።

ወደ ቤቱ መጀመሪያ የሄድሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከምእመናን አንዱ ዐርፎ ስለ ነበር ለቀብር ቸኩያለሁ። ከፊቴ አራት ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ከእነርሱም አንዷ ሦስት ኪሎ የማይሞላ በቆሎ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው የያዙ አሮጊት ናቸው። መጋቢ መሆኔንና ቀብር ያለብኝ መሆኑን ተናግሬ እንዲያስቀድሙኝ ባለቤቷን ጠየቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እንደሚያስቀድሙኝ ተማምኜ ነበር። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ እማማ ቀድመውዎታል። ተራው የሰዎቹ ነው እንጂ የኔ አይደለም፤ የኔ ያልሆነውን ልሰጥዎ አልችልም። ከፈለጉ እነሱን ይጠይቋቸው፤ አለዚያም ጆንያውን እዚሁ ይተዉት» አሉኝ። ጠየቅሁ። ሦስቱ ፈቀዱልኝ፤ ከሩቅ ገጠር በጋሪ የመጣ አንድ ገበሬ ግን ሳይመሽበት መመለስ እንዳለበት ነገረኝ። እውነቱን ነበር። ጆንያዬን ትቼ ወደ ቀብሩ ሄድሁ፤ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ጤፌ በተራው ተፈጭቶ፣ አፉ ታስሮ፣ ወረቀቱ ከገመዱ ጋር ተያይዞ ጠበቀኝ።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው በመልካም ስፍራ አስቀምጦ ድሀውን «አንተ ወዲያ ቁም» ስለሚል ጉባኤ ይናገራል። ያንን ክፍል ሳስተምር ሁልጊዜ ራሴን ከአስተማሪው ወገን አድርጌ ነበር የማየው። በዚያ ቅዳሜ ግን ቀለበቱ የእኔ ጣት ላይ ነበር፤ የማዕረግ ስሜ ቀለበቴ ነበር። በአገራችን ለአገልጋይ፣ ለካህን፣ ለሹምና ለሀብታም ተራ መልቀቅ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ ሰዎች በፍቅር የሚያደርጉት መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን እኛ ክብር ተቀባዮቹ እንደ መብታችን ቆጥረን ስንጠይቀው፣ ሦስት ኪሎ በቆሎ ቋጥረው ከቆሙት እናት ላይ የምንወስደው ጊዜ ነው። ባለቤቷ ሳያሳፍሩኝ፣ ሰው ፊት ሳያዋርዱኝ ይህን አስተማሩኝ። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ወረፋ ላይ መጋቢ መሆኔን ተናግሬ አላውቅም።

ቤቱ ሦስት ወፍጮዎች አሉት። አንዱ ለጤፍና ለስንዴ፣ ሁለተኛው ለበቆሎና ለዳጉሳ፣ ሦስተኛው ለሽሮና ለበርበሬ ብቻ የተለየ ነው። ይህ ለሌላ ከተማ አንባቢ ተራ ነገር ይመስል ይሆናል፤ የቤታችን ልጅ ካለቀሰችበት ቀን ወዲህ ግን ለእኔ ተራ አይደለም። ድንጋዩ በተወቀረ ማግሥት መጀመሪያ የሚፈጨው የባለቤቷ የራሳቸው በቆሎ ነው፤ አሸዋ የያዘው ያ ዱቄት ለሰው ምግብ አይሸጥም። ጠጠር ያለበት እህል ይዞ የመጣ ሰውም ከነጠጠሩ አይፈጭለትም፤ በረንዳው ላይ ወንፊትና ሰፌድ ተቀምጠውለታል፣ ነፍቶ ወይም አበጥሮ ይመለሳል። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይበሳጫል። እኔ ግን ሌላው ቤት ዝም ብሎ ፈጭቶ ገንዘቡን ይቀበል እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

አሁን ረዘም አድርጌ ልናገርበት ወደምፈልገው ጉዳይ ልምጣ። ቤቱ ከማስፈጨት ሌላ የተዘጋጀ ዱቄትም ይሸጣል። ሦስት ጆንያዎች አፋቸው ተከፍቶ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ካርቶን ተሰክቶበታል። አንደኛው «ንጹሕ ጤፍ»፣ ሁለተኛው «ጤፍና ሩዝ እኩል»፣ ሦስተኛው «በቆሎ» ይላል። መካከለኛው ካርቶን ምን ማለት እንደ ሆነ የባሕር ዳር ሰው ይገባዋል። በፎገራ ሜዳ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየተስፋፋ የመጣው ሩዝ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለውን ገበሬ ኑሮ እንደ ለወጠ ሁሉ የእኛንም እንጀራ ለውጦታል። ጤፍ በተወደደ ቁጥር ሩዝ ቀላቅሎ ማስፈጨት የብዙ ቤት ልማድ ሆኗል። ሩዝ የገባበት እንጀራ ነጣ ይላል፣ ትኩስ ሳለ ለስላሳ ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቅና ይሰባበራል። ድሀን የሚያጠግብ፣ አገር ያበቀለው እህል ነው፤ በራሱ ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው «ንጹሕ ጤፍ ነው» ተብሎ በጤፍ ዋጋ ሲሸጥ ነው። በየጊዜው እንጀራ ውስጥ ጀሶና ሰጋቱራ ሲቀላቅሉ ስለ ተያዙ ሰዎች የምንሰማው ዜና ያስደነግጠናል፤ በሩዝ የሚደረገው ማታለል ግን ስለማይገድል ብቻ እንደ ብልሃት ተቆጥሮ ያልፋል።

ከአንድ ዓመት በፊት እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት የጉባኤያችን እህት ወደ እኔ መጥታ፣ «መጋቢ፣ ሩዝ እቀላቅላለሁ፤ ኃጢአት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለደንበኞቿ ትናገር እንደ ሆነ መልሼ ጠየቅኋት። «ከተናገርሁ ማን ይገዛኛል?» አለች። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ከመድረክ ላይ ሆኖ መመለስም አይገባም፤ ምክንያቱም የእርሷ የቤት ኪራይ እኔ የምከፍለው አይደለም። የነገርኋት ይህን ነው፦ መቀላቀሉ ኃጢአት አይደለም፣ የለበትም ብሎ መሸጡ ግን ውሸት ነው፤ ገዢዋም ልክ እንደ አንቺ ልጆች የምታሳድግ ሴት ልትሆን ትችላለች። ከዚያ ይህን ወፍጮ ቤት ጠቆምኋት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ካርቶኑን አሳይተው፣ «እኔ መጀመሪያ ስጽፈው ብዙ ሰው ትቶኝ ሄዶ ነበር፤ ሦስት ወር ያህል ቀዘቀዘብኝ። ኋላ ግን የተቀላቀለውን የሚፈልግ በርካሽ ዋጋው ሊገዛ፣ ጤፉን የሚፈልግም አምኖኝ ሊገዛ ተመለሰ» አሏት። እህታችን ዛሬ ሁለት ዓይነት እንጀራ በሁለት ዋጋ ትሸጣለች። ከደንበኞቿ ጥቂቶቹ አልተመለሱም። ትርፏ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ስለምታውቅ፣ ስለዚህ ነገር ከእርሷ ጋር ስንጸልይ «እግዚአብሔር ይባርክሻል» ብዬ በችኮላ ማለፍ አልቻልሁም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለምታዘጋጃቸው ግብዣዎች ሁሉ እንጀራ ከእርሷ እንዲገዛ ከሽማግሌዎች ጋር ተስማማን። እውነት የሚናገር ነጋዴ ሲጎዳ ምእመናን ቆመው የሚያዩ ከሆነ፣ ስለ ታማኝነት የምሰብከው ስብከት በሰው ትከሻ ላይ ሸክም መጫን ብቻ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ካመሰገንሁ በኋላ የቤቱን ጉድለት ብደብቅ እኔም ካርቶን ሳልሰካ እንደ መሸጥ ይሆንብኛል። ቤቱ በብናኝ የታፈነ ነው። መስኮቶቹ ጠባብ ናቸው፤ ብናኙን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ የለም። ወፍጮውን የሚይዙት ሁለቱ ልጆች ማታ ሲወጡ ቅንድባቸውና ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጥቶ ነው። የዱቄት ብናኝ ለረጅም ጊዜ የሚስብ ሰው ለአስምና ለሌላ የመተንፈሻ ሕመም እንደሚጋለጥ የታወቀ ሲሆን፣ ከልጆቹ አንዱ ከክረምት ጀምሮ ሲያስል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ለባለቤቷ በግልጽ ነገርኋቸው፤ ለደንበኛ የታመነው ሚዛን ለሠራተኛውም መታመን አለበት አልኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ በሳምንቱ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ገዝተውላቸው አገኘሁ። መልካም ጅምር ነው፤ በቂ ግን አይደለም። ልጆቹ በሙቀት ጊዜ መሸፈኛውን ወደ አገጫቸው ያወርዱታል፣ ማራገቢያውም እስካሁን አልተገዛም። ደመወዛቸውን ግን በየቅዳሜው ማታ፣ ሳያድር እንደሚቀበሉ ከራሳቸው ሰምቻለሁ።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። የማስፈጫው ዋጋ በአካባቢው ካሉት ጋር እኩል ነው። ጤፉ ልም ሆኖ ይወጣል፤ ሽሮው ግን አንዳንዴ ሻከር ስለሚል «በደንብ ይላም» ብሎ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ መሐል ላይ የቀረው እህል ከእነወረቀቱ ተለይቶ ይቀመጣል፤ መብራቱ ሲመጣም ከሌላ ሰው እህል በፊት እርሱ ይፈጫል። መቀመጫ አግዳሚ አንድ ብቻ ስለ ሆነ በወረፋ ቀን አረጋውያን ይቸገራሉ። ቤቱ እሑድ፣ በወር በ12 የሚካኤልና በ21 የማርያም ዕለት ይዘጋል። እኔ በዓላቱን እንደ እሳቸው አላከብርም፤ ሆኖም ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በ14ኛው ምዕራፍ ቀንን የሚያከብር ለጌታ ብሎ እንደሚያከብር የጻፈውን ስለማምን፣ በሩ ተዘግቶ ሳገኘው ተመልሼ እሄዳለሁ። ረመዳን ሲቃረብ የሙስሊም ጎረቤቶቻቸውን እህል ሌሊት ሳይቀር ሲፈጩላቸውም አይቻለሁ።

ለሚሄድ ሰው፦ ጆንያና ማሰሪያ ገመድ ይዞ መሄድ ይበጃል፤ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ወረፋው ቀላል ነው፤ የዐቢይ ጾም መግቢያ ሳምንት ግን የከተማው እናት ሁሉ ሽሮና በርበሬ ይዞ ስለሚመጣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት መድረስ ያስፈልጋል። እኛም የሽሮ አተራችንን ለቅመን፣ ቆልተንና ከክተን አስቀምጠናል፤ በመጪው ማክሰኞ ይዤው እሄዳለሁ፤ ማራገቢያ የሚሠራ አንድ የጉባኤያችን ባለሙያም ቦታውን ለክቶ ዋጋውን ለባለቤቷ ሊነግራቸው አብሮኝ ይመጣል።